የእድሩ ላፕቶፕ

የእድራችን ጸሐፊ ሆኜ የተመረጥኩት ጽሕፈቴ አምሮ አይደለም፤ ላፕቶፕ ስላለኝ ነው። የዛሬ ሦስት ዓመት በጠቅላላ ጉባኤው አንድ ጎረቤት እጁን አውጥቶ «እሱ ኮምፒውተር አለው» አለ፤ ሌላ መመዘኛ የጠየቀ አልነበረም። እኔም ሹመቱን ሳላንገራግር ተቀብዬ የ180 አባወራ መዋጮ፣ ቅጣትና ውዝፍ ጠርዛቸው ከተበላ ሁለት ወፋፍራም መዝገቦች ወደ ኤክሴል ገለበጥኩ። ሁለት ወር ፈጀብኝ። መዝገቦቹን ያስረከቡኝ ገንዘብ ያዡ ናቸው። ሰፈሩ ሁሉ አባባ ይላቸዋል፣ እኔም እንዲሁ።

«ይሄ ነገር መብራት ሲሄድ ምን ይሆናል?» አሉኝ ያን ጊዜ።

«ባትሪ አለው፣ አባባ።»

«ባትሪውስ ሲያልቅ?»

ሳቅሁ። ያን ሳቄን ባለፈው ሚያዝያ በየቀኑ አስታውሼዋለሁ።

ጉባኤው አሥራ አንድ ቀን ሲቀረው፣ ማታ ሁለት ሰዓት ገደማ፣ የውዝፍ ዝርዝሩን ላዘጋጅ ብዬ ላፕቶፑን ከፈትኩ። መብራቱ በራ፣ ፋኑ ዞረ፣ ስክሪኑ ግን ጥቁር እንደሆነ ቀረ። አጥፍቼ አበራሁት፤ ያው። ቻርጀሩን ነቅዬ ሰካሁት፤ ያው። ውጭ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይቀጠቅጣል። ጅማን የማያውቅ ሰው ዝናብ ሲባል የሐምሌና የነሐሴ ጣጣ ይመስለዋል፤ እኛ ጋ ከመጋቢት እስከ ጥቅምት ሰማዩ እጁን አይሰበስብም። በዓመት ወደ 1,500 ሚሊ ሜትር ይወርዳል። ቁም ሳጥን ውስጥ የተሰቀለ ኮት ትከሻው ላይ ሻጋታ ያወጣል፣ ጨው ዕቃው ውስጥ ውሃ ይቋጥራል። ወሬ ለማሳመር አይደለም ይህን ማንሳቴ፤ በኋላ እንደታየው የችግሩ ግማሽ እዚህ ውስጥ ነበር።

ቅጂ አልነበረኝም። ቀድሜ ልናገረውና ይውጣልኝ። ሦስት ዓመት ሙሉ ፋይሉን አንድ ቀን እንኳ ፍላሽ ላይ አልገለበጥኩትም። የቆዩት መዝገቦችስ እንዳትሉኝ፤ እነሱ የሚያበቁት እኔ በጀመርኩበት ወር ነው።

በማግስቱ ሐሙስ፣ የገበያ ቀን ነበር። ማር በጀሪካን፣ በርጩማ በትከሻ በተሸከመ ሰው መሀል እየተጋፋሁ በከተማችን መርካቶ አካባቢ ወዳሉት ጥገና ቤቶች ሄድኩ። የመጀመሪያው ባለሙያ ማብሪያውን ሁለት ጊዜ ተጭኖ፣ ጆሮውን ወደ ፋኑ አስጠግቶ፣ «ማዘርቦርዱ ሄዷል» አለኝ። አንዲት ብሎን አልፈታም። ሁለተኛው ቀለል አድርጎ «ፎርማት አድርገነው እንየዋ» አለ።

«ስክሪኑ ሳይበራ እንዴት ነው ፎርማት የሚደረገው?»

«ሃርድ ዲስኩን አውጥቼ እዚህኛው ማሽን ላይ አጠፋዋለሁ። ንጹሕ ዊንዶውስ ጭኜ እመልስልሃለሁ፣ ነገ ትወስደዋለህ።»

በቅንነት ነው የተናገረው። እኔ ግን አመስግኜ ስወጣ ጉልበቴ ከዳኝ። ከመቶ ሰው ዘጠና ዘጠኙ እዚህ ቦታ ላይ «እሺ» ይላል፤ እኔም ከወር በፊት ቢሆን እል ነበር። ፎርማት የሚባለው ነገር እኛ ሀገር እንደ ጠበል ሆኗል። ኮምፒውተሩ ቀርፋፋ ሆነ? ፎርማት። ቫይረስ ገባው? ፎርማት። ድምፅ አይሰማም? ፎርማት። የማይበራን ማሽን ፎርማት ማድረግ ግን ከሰሉ ሳይያያዝ ቡናው አረረ እንደ ማለት ነው። ዊንዶውስ የተቀመጠው ዲስኩ ላይ ነው፤ ማሽኑ ደግሞ ዲስኩ ጋ ገና አልደረሰም።

ባለሙያዎቹን ብቻ መውቀስ ግን አልችልም። ከዚያ ወዲህ በነገሩ ብዙ አስቤያለሁ፣ ጥፋቱ የእኛ የደንበኞቹም ነው። እኛ ለመፈለግ አንከፍልም። አንድ ልጅ ሦስት ሰዓት ተቀምጦ ስንጥቁን ቢያገኝና በአምስት ደቂቃ ቢያስተካክለው «ለአምስት ደቂቃ ሥራ ይሄን ያህል?» ብለን እንጮኻለን። ዊንዶውስ ሲጭን ግን ሰማያዊው ስክሪን ላይ መቶኛው ሲቆጥር እያየን ያለ ጭቅጭቅ እንከፍላለን። እሱ ምን ያድርግ? የሚከፈልበትን ሠራ።

ላፕቶፑን በከረጢት እንዳንጠለጠልኩ ሰፈር ስገባ የጎረቤታችንን ልጅ አገኘኋት። ጅማ ዩኒቨርሲቲ፣ ኪቶ ፉርዲሳ ግቢ፣ ኤሌክትሪካል ትማራለች። ፊቴን አይታ «ጋሼ ምን ሆኑ?» አለችኝ። ነገርኳት። እንደ ሌሎቹ «ይህ ነው» ብላ አልጀመረችም።

«የት ላይ ነው የሚቆመው?»

«የት ማለት?»

«መብራቱ ይበራል? ፋኑ ይዞራል? እንግዲያው ኃይል አለው። የፋብሪካው አርማ ይመጣል? አይመጣም። ስለዚህ ዊንዶውስ ጋ ሳይደርስ፣ ዲስክ ጋ ሳይደርስ፣ እዚያ መካከል ነው የቆመው።»

እስከዚያ ቀን ኮምፒውተር ለእኔ ወይ ይሠራል ወይ አይሠራም። መንገድ እንዳለው አላውቅም ነበር። ማብሪያው ሲነካ ቦርዱ ላይ ያለች ትንሽ ፕሮግራም ትነሳለች፤ ማሽኑ ሲሠራ ለጊዜው የሚያስታውስበት ራም መኖሩን ታረጋግጣለች፤ ስክሪኑን ትቀሰቅሳለች፤ ዲስክ ትፈልጋለች፤ ያኔ ብቻ ዊንዶውስ ይጠራል። ከአዲስ አበባ የተነሳ አውቶብስ ጅማ ካልገባ ወሊሶ ነው ወይስ ጊቤ በረሃ ብሎ መጠየቅ ነው እንጂ አውቶብሱን ማቃጠል ምን የሚሉት መላ ነው?

ማታ ካቻቢቴዋን ይዛ መጣች። መጀመሪያ ቻርጀሩንም ባትሪውንም አውጥታ ማብሪያውን ለሠላሳ ሰከንድ ያህል ተጭና ያዘች፤ ቦርዱ ላይ የቀረች ኤሌክትሪክ ካለች እንድትወጣ ነው አለችኝ። አንዳንድ ማሽን በዚህ ብቻ ይነሳል። የእኛው አልተነሳም። ቀጥላ የስልኳን ባትሪ መብራት ስክሪኑ ላይ አበራች። ምስሉ ኖሮ የጀርባ ብርሃኑ ብቻ ቢሆን የሞተው፣ ደብዘዝ ብሎ ይታይ ነበር። ምንም የለም። ከቴሌቪዥኑ ጋር በኬብል አገናኘችው፤ እሱም ጥቁር። ስክሪኑ ነጻ ወጣ ማለት ነው። ከዚያ እኔ ከትናንት ማታ ጀምሮ አጠገቡ ሆኜ ያላስተዋልኩትን አሳየችኝ። የካፕስ ሎክ መብራት ብልጭ ድርግም ይላል፤ ቆም ይልና እንደገና ያንኑ ያህል ጊዜ ይደግማል።

«እየተናገረ ነው» አለች። ቁጥሩን ቆጥራ በስልኳ የአምራቹን መመሪያ ፈለገች። ራም ነው የሚለው።

የታችኛውን ክዳን ከፈትን። ሁለት ራም አለው፣ እያንዳንዱ 4 ጊጋ ባይት። አንዱን አውጥታ በሌላው ብቻ ሞከረች፤ ጥቁር። ቦታ አቀያየረች፤ ጥቁር። አንደኛውን ወደ መብራት አቅርባ የወርቅ ጥርሶቹን አሳየችኝ፤ የእርጥብ ጣት አሻራ የመሰለ ጭጋግ አርፎባቸዋል። ወርቅ አይዝግም አይደል እንዴ? አልኳት። ወርቁ አይዝግም፤ ቅቡ ግን እጅግ ስስ ነው፤ እርጥበትና አቧራ ተባብረው ላዩ ላይ ሽፋን ይሠራሉ፣ ሶኬቱ ውስጥ ያሉት ጥርሶችም እንዲሁ። በዓይን የማይለካ ሽፋን ነው፣ ኤሌክትሪኩን ለማገድ ግን በቂ።

ልጄን ላጲስ ለመንኩት። የገዛሁለትን ነጩን ላጲስ በጥርጣሬ እያየኝ ሰጠኝ። ቀስ ብላ፣ በአንድ አቅጣጫ ብቻ፣ ሁለት ሦስት ጊዜ አሸችው። በኃይል ከታሸ ወርቁ ራሱ ይነሳል፤ ላጲስ የድሃ መፍትሔ እንጂ የሚመከር አይደለም፣ የሚመከረው አልኮል ነው። መድኃኒት ቤት ያለው ደግሞ 70 በመቶው ነው። ለቁስል ጥሩ ነው፣ ለኤሌክትሮኒክስ ግን 90 እና ከዚያ በላይ ይሻላል፤ የቀረው 30 በመቶ ውሃ ነውና። የነበረን ግን እሱው ነው። በጥጥ ነካ ነካ አድርጋ፣ የላጲሱን ፍርፋሪ ጠርጋ፣ ቡና እስኪደርስ እንዲደርቅ ተወችው። ባለቤቴ ሁለተኛውን ስትቀዳ ራሙን መልሰን ገጠምነው፤ ጠቅ ብሎ ገባ።

ማብሪያውን እንድጫን ለእኔ ተወችልኝ። አርማው መጣ። እልል ያልኩት እኔ ነኝ፣ ባለቤቴ አይደለችም።

ደስታው ሃያ ደቂቃ አልቆየም። የዊንዶውስ ነጠብጣቦች ይዞራሉ፣ ይዞራሉ፣ ከዚያ ዲስኩን እየመረመርኩና እየጠገንኩ ነው የሚል ጽሑፍ ወጣ። ተመስገን፣ ራሱን ሊጠግን ነው ብዬ ወደ ኋላ ተደገፍኩ። ልጅቷ ግን ጆሮዋን አስጠግታ አዳመጠችና «ያጥፉት! አሁኑኑ ያጥፉት!» አለች። ያን ጊዜ እኔም ሰማሁት። ጠቅ... ጠቅ... ረዘም ያለ ዝምታ... ጠቅ።

በዚህ ሁሉ ታሪክ ውስጥ አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ ሂዱ ብባል ይህችን ነው የምሰጠው። የሚሞት ዲስክ ላይ የጥገና ፕሮግራም አይነዳም። ፕሮግራሙ ሥራው የዲስኩን ማውጫ ማስተካከል ነው፤ ያልተነበበለትን እንደ ስሕተት ቆጥሮ ሊሰርዘው ይችላል። በዚያ ላይ የታመመውን ዲስክ ከዳር እስከ ዳር ያስሮጠዋል። መጀመሪያ መገልበጥ፣ ጥገና ከዚያ በኋላ።

ለመሆኑ ዲስኩን ምን አገኘው? መልሱን ከእኔ በቀር የሚያውቀው አልነበረም። የድሮው ዓይነት፣ የሚሽከረከረው ሃርድ ዲስክ ነው፤ በደቂቃ 5,400 ጊዜ ይዞራል፣ በሰከንድ 90 ማለት ነው። የሚያነበው ጭንቅላት ከሳህኑ በላይ በጥቂት ናኖ ሜትር ከፍታ ይንሳፈፋል። የሰው ፀጉር ውፍረት በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ናኖ ሜትር መሆኑን ስታስቡ ከፍታ መባሉ ራሱ ያስቃል። እኔ ደግሞ ማታ ማታ ከሥራ ስወጣ አላጠፋውም፤ ክዳኑን ጠረቅ አድርጌ ገና ሳይተኛ ከረጢት ውስጥ እከተዋለሁ፣ ከፈረንጅ አራዳ ባጃጅ እይዛለሁ። የኛን ሰፈር ኮብልስቶን በባጃጅ የወጣ ሰው የቀረውን ራሱ ይጨርሰው። ሦስት ዓመት ሙሉ ያን ጭንቅላት በሳህኑ ላይ ሳጋጨው ኖሬያለሁ። ዝናቡ ግማሹ ነው ያልኩት ለዚህ ነው።

ከአንድ ወዳጄ 1 ቴራ ባይት የውጭ ዲስክ ተዋስኩ። ልጅቷ ሊኑክስ የሚባል፣ በዊንዶውስ ፋንታ የሚሠራ ነጻ ሥርዓት የተጫነበት ፍላሽ አመጣች። ማሽኑ ከፍላሹ ሲነሳ የታመመውን ዲስክ ሳይነካው ይሠራል፤ በዚያ ላይ ዲዲ-ሬስኪው የሚባል ነጻ ፕሮግራም አስነሳች። አሠራሩን ስታስረዳኝ አባባ ትዝ አሉኝ። አባባ መዋጮ ሲሰበስቡ የሚከራከር ሰው ደጃፍ ላይ አይቆሙም። መጀመሪያ ወዶ የሚከፍለውን ሁሉ ዞረው ይሰበስባሉ፣ አስቸጋሪውን በደብተራቸው ምልክት አድርገው ያልፉታል፣ ማምሻውን ተመልሰው ያንኳኩበታል። ፕሮግራሙም እንዲሁ ነው። በቀላሉ የሚነበበውን ቀድሞ ይሰበስባል፣ እምቢ ያለውን ቦታ ይዘላል፣ መጨረሻ ላይ እየተመላለሰ ይለማመጠዋል። የት እንደደረሰም በትንሽ ፋይል ይመዘግባል፤ እኛ ያን ፋይል በተዋስነው ዲስክ ላይ አስቀመጥነው።

ያ መዝገብ ባይኖር አልቆልኝ ነበር። መብራት አራት ጊዜ ሄደ። ያረጀው ባትሪ አርባ ደቂቃ ነው የሚይዘው፤ ሊያልቅ ሲል አቁመን እናጠፋዋለን፣ መብራት ሲመጣ ካቆመበት ይቀጥላል። ሁለት ሌሊትና አንድ ቀን እንዲህ ሄደ። ሌሊት እየተነሳሁ ቁጥሩን አያለሁ፤ ባለቤቴ «ሕፃን እንኳ እንዲህ አላስታመምክም» አለችኝ። እውነቷን ነው፣ አልመለስኩላትም።

ከ500 ጊጋ ባይት ውስጥ ሳይነበብ የቀረው 3 ሜጋ ባይት እንኳ አይሞላም ነበር። የእድሩ ፋይልስ? ሙሉ ነው። 340 ኪሎ ባይት፤ በስልክ ከሚነሳ አንድ ፎቶ ያንሳል። ያን ሁሉ ሌሊት የተንገበገብኩት ለዚህች ነው።

የመተዳደሪያ ደንቡን ፋይል ስንከፍት ግን እንደገና ደነገጥኩ። ከዳር እስከ ዳር የፈረንጅ ፊደልና የሥርዓተ ነጥብ ምልክት ዝብርቅርቅ። ተበላሸ ብዬ ፊቴን ስይዝ ልጅቷ ሳቀች፤ ፋይሉ ጤነኛ ነው፣ የጠፋው ፎንቱ ነው። ደንቡ ሲጻፍ ጸሐፊው የተጠቀመበት የድሮ ዓይነት የአማርኛ ፎንት የላቲኑን ፊደል ቦታ ይዞ ላዩ ላይ ሀሁ የሚስል ነው፤ ፎንቱ ሲነሳ ሥሩ ያለው ላቲን ብቅ ይላል። ፊደላችን በዩኒኮድ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ሁሉ በሚጋሩት የዓለም ፊደላት ሰንጠረዥ ውስጥ የራሱን ቦታ ያገኘው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው፣ ጅማ ዩኒቨርሲቲ በዚህ ስሙ በተመሠረተበት ዓመት። እንዲህ ሆኖም በየቢሮው ስንት ደንብና ቃለ ጉባኤ በድሮው ፎንት ታስሮ እንደተቀመጠ ሳስብ ያመኛል። ፎንቱን ከቀድሞው ጸሐፊ አግኝተን ደንቡን እንደገና በዩኒኮድ ጻፍኩት። ሦስት ምሽት ወሰደብኝ፤ የቅጣት አንቀጽ ውስጥ ማንም ልብ ያላለው የቁጥር ስሕተትም አገኘሁ፣ እሱ የሌላ ቀን ወሬ ነው።

የቀረው ቀላል ነበር፣ ወይም እኔ ባላበላሸው ቀላል ይሆን ነበር። ፋኑን እናጽዳ ተባባልን። የበጋው ቀይ አቧራ ከክረምቱ እርጥበት ጋር ተላቁጦ የሙቀት ማስወጫውን እንደ ብርድ ልብስ ሸፍኖታል፤ በፕሮሰሰሩ ላይ ያለው ቅባትም ደርቆ ተሰነጣጥቋል። እሱን ጠርጋ የምስር ፍሬ የምታህል አዲስ ቅባት አደረገች። ኪቦርዱን የምመልሰው እኔ ነኝ ብዬ ገባሁ። ችኮላ። ሪባኑን፣ ኪቦርዱን ከቦርዱ የሚያገናኘውን ጠፍጣፋ ሽቦ፣ የምትይዘውን የጥፍር ያህል ፕላስቲክ ማንሳት ሲገባኝ ጎተትኳት፤ ተፈናጥራ አልጋ ሥር ገባች። በባትሪ ፈልገን አገኘናት፣ አንድ ጥርሷ ግን ተሰብሯል። ዛሬም ያ ሪባን የተያዘው በታጠፈች ወረቀትና በፕላስተር ነው። «ሸ» የምትለው ቁልፍ አንዳንዴ በኃይል ካልተጫኗት አትሰማም።

በሃርድ ዲስኩ ፋንታ ኤስኤስዲ አስገባን፤ የሚዞር ነገር ስለሌለው ባጃጅ አይፈራም። እሱም ግን ይሞታል፣ ሲሞት ደግሞ ጠቅ እንኳ ላይል ይችላል። ዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፉ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደኅንነት ቺፕ እና ከኢንቴል 8ኛ ትውልድ ጀምሮ ያለ ፕሮሰሰር ይፈልጋል። የእኔው 4ኛ ትውልድ ነው። ስለዚህ ሊኑክስ ጫንንበት። የኤክሴሉን ፋይል ሊብረ ኦፊስ የሚባለው ነጻ ፕሮግራም ያለ ችግር ከፈተው፣ አንድ ሁለት ቀመር ብቻ አስተካከልኩ። ማሽኑ አሁን ከነበረበት ዘመን ሁሉ ይፈጥናል።

እሑድ ጉባኤው በእድሩ ድንኳን ውስጥ ተሰበሰበ፣ ዝናቡም እንደ ደንቡ መጣ። ላፕቶፑን ጠረጴዛው ላይ ከፍቼ የውዝፍ ዝርዝሩን ማንበብ ጀመርኩ። አባባ ከጎኔ ተቀምጠው ራሳቸውን በየስሙ ነቅነቅ ያደርጋሉ። አንድ ስም ላይ ስደርስ እጃቸውን አነሱ።

«እሷ የጥር ወርን ከፍላለች።»

«እዚህ አልተከፈለም ነው የሚለው፣ አባባ።»

ከኮታቸው የውስጥ ኪስ በላስቲክ የተጠቀለለ ወፍራም ደብተር አወጡ። ላስቲኩን ፈተው፣ ጣታቸውን በምራቅ አርሰው ገለጡ፤ ጥር፣ ስሟ፣ 50 ብር፣ ቀኑ፣ በአጠገቡ ፊርማዋ። ሌላውንም ገጽ አየሁት። ከዚያ በፊት ያለውንም። ሦስቱም ዓመት እዚያ ውስጥ ነው፣ በየወሩ፣ 180ውም አባወራ። አሥራ አንድ ቀን ሙሉ ስብሰለሰል ከቤቴ አምስት ቤት ዝቅ ብሎ ኮት ኪስ ውስጥ ነበር።

«ለምን አልነገሩኝም?» አልኳቸው ድምፄን ዝቅ አድርጌ።

«መች ጠየቅኸኝ?» አሉኝ።

50 ብሩን አስተካከልኩ፣ አስቀመጥኩ፣ ፍላሹን ሰካሁና ወደሚቀጥለው ስም ሄድኩ።